አውራሪሷ ፊት የተነሳሽው ፎቶ

ቻንደናጋር፣ የፋልጉን ወር በገባ በአምስተኛው ቀን

ለእትዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደም ግፊትሽስ? እናታችን ጤና ሳይጠየቅ ደብዳቤ አይጀመርም ብላ ስላሳደገችን ጠየቅሁሽ እንጂ፣ እውነቱን ልንገርሽና መልሱ አላጓጓኝም። እኔ ደህና ነኝ። ዕድሜ ልኬን አንቱ ስልሽ ኖሬ ዛሬ አንቺ ማለቴ አምልጦኝ አይደለም። አስቤበት ነው።

ከኔፓሉ የዱር አራዊት ፓርክ ጉብኝት ከተመለስን ሁለተኛ ወራችንን ያዝን። አንቺ በየዘመዱ ቤት እየዞርሽ፣ "ከአውራሪስ ቀንድ የተረፍኩት በራሴ ብልሃት ነው፤ መሪ ተብዬው ጥሎን ሸሸ" ትያለሽ አሉ። ባለፈው እሁድ የአጎታችን ልጅ እዚህ ምሳ ስትበላ ቃል በቃል ደገመችልኝ፤ እጅሽን እንዴት እንደምታወናጭፊ ሳይቀር።

እኔም እኮ እዚያ ነበርኩ።

መሪያችን ቡድሂራም ጫካው ውስጥ ከመግባታችን በፊት ስድስታችንንም ፊቱ አቁሞ፣ በዚያ በሚኮላተፍ ሂንዲው ምን አለን? "እናቶቼ፣ ከእኔ ኋላ እንጂ ከእኔ ፊት የሚሄድ የለም። ግልገል የያዘች አውራሪስ ካየን ትንፋሽ አይሰማ። ከመጣችብን ዛፍ ላይ መውጣት ነው፤ ዛፍ ከሌለ እየተጠማዘዙ መሮጥ" አለን። አንቺ ጆሮዬ ሥር ተጠግተሽ፣ "ይሄ ነው በዱላ የሚጠብቀን? እንኳን አውራሪስ ፍየል አይመልስም" ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ። አንቺ ስትስቂ ያልሳቅሁበት ቀን መቼ ነበር?

ከወንዙ ማዶ፣ ሣሩ ከሰው ቁመት በሚበልጥበት ቦታ እናቲቱን ከነግልገሏ አገኘናት። ጭቃው ውስጥ ተኝታ ጆሮዋን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ቡድሂራም ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በእጁ ወደ ኋላ በሉ አለን። አራቱ ተመለሱ። አንቺ ቀይ ሻልሽን አስተካክለሽ ከመንገዱ ወጣሽና፣ "ከኋላዬ እንድትታይ አድርገሽ አንሺኝ! ቶሎ በይ፣ አንቺ ፈዛዛ!" አልሽኝ፤ ያውም ጮክ ብለሽ። እኔም አነሳሁሽ።

ያን የሚያህል ሥጋ እንደዚያ ይሮጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። አንቺ ወደቅሽ። ቡድሂራም በላይሽ ተራምዶ ፊቷ ቆመ፤ እየጮኸ መሬቱን በዱላው ይደበድባል። በቀንዷ አንስታ ስትወረውረው የእግሩ አጥንት እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ሰማሁት። ከዚያ ግልገሏን አስከትላ ሣሩ ውስጥ ገባች። አንቺን ያገኘሽ የክርን መላላጥ ነው።

ከሰዓት በኋላ የማረፊያው ኃላፊ ወረቀት ይዞ መጣ። "እናቴ፣ ምንድን ነው የተፈጠረው?" ሲልሽ፣ ቡድሂራም ገና ሐኪም ቤት ሳይደርስ፣ ሠላሳ ዓመት ርዕሰ መምህር በሆንሽበት በዚያ በሚያምር ጽሕፈትሽ "መሪው አስጠግቶን ሸሸ" ብለሽ ጻፍሽ። ሸሸ! ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርገሽ፣ "ፈርሚ። ደግሞ ነገር አታንዛዢ" አልሽኝ። ፈረምኩ።

ስለዚህ ይህን የምጽፍልሽ ንጹሕ ሆኜ አይደለም።

በቀደም ቤቱ ደወልኩ። ሚስቱ ሱግያ አነሳችው። የመሪነት ፈቃዱን ነጥቀውታል። እግሩ ተጣሞ ነው የጠገነው፤ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የዓሣ ወጥመድ ይጎነጉናል አለችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "እሱ እኮ አልተቀየማችሁም። 'አሮጊቶቹ ደንግጠው ነው፤ የደነገጠ ሰው የሚጽፈውን አያውቅም' ይላል። የታላቅየዋስ ክርን ዳነላት?" አንቺ አልደነገጥሽም ነበር፣ እትዬ። ሻይ አስመጥተሽ ነው የጻፍሽው።

ፎቶውን አሳጠብኩት። አንቺ በቀይ ሻልሽ ፈገግ ብለሻል። ከኋላሽ እናቲቱ አለች። በግራ በኩል ቡድሂራም አንድ እጁን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ በሌላው የሻልሽን ጫፍ ይዞ ወደ ኋላ ይጎትትሻል። ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ልኬዋለሁ። "የፈረምኩት በሐሰት ነው፤ ፎቶውንም ያነሳሁት እኔ ነኝ" የሚል ደብዳቤ አያይዤበታለሁ። ትናንት ፖስታ ቤት ገብቷል፤ ለመቆጣትም ለመለመንም አትድከሚ። ከጠሩኝ ሄጄ እመሰክራለሁ።

"ለባዳ ብለሽ እህትሽን?" እንደምትይኝ አውቃለሁ። እንግዲያው አንድ ነገር ልጨምር። አባታችን የዘፈን አስተማሪያችንን፣ የሙዚቃ መሣሪያውን ሃርሞኒየሙን ወደ ደጅ ወርውሮ ያባረረበት ቀን ትዝ ይልሻል? "ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን አግኝቶ እጄን ያዘኝ" ብለሽ አለቀስሽ። አባታችን ወደ እኔ ዞሮ፣ "አንቺስ ምን ታውቂያለሽ?" ሲለኝ አንገቴን ደፋሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ የት እንደነበረ አውቅ ነበር። ሰገነቱ ላይ ከእኔ ጋር ነበር። አንቺም ታውቂ ነበር፤ የደረጃውን በር ከፍተሽ፣ አይተሽ፣ መልሰሽ የዘጋሽው አንቺ ነሽ።

ያን ሰው ብዙ ዘመን ፈልጌ አድራሻውን አጣሁ። የቡድሂራምን ግን አውቀዋለሁ።

እናት አምላካችን ዱርጋ ጉልበትሽን ታጽናልሽ፤ እውነት ለመናገር የሚበቃ ዕድሜም ትጨምርልሽ። ዘንድሮ ለበዓሏ እንዳትጠብቂኝ።

ታናሽ እህትሽ