በዓል ላልነበረሽ ለአንቺ

እታለሜ፣ የልጄ እናት፣ እንደምን አለሽ አልልሽም፤ ያለሽበትን የሚያውቀው አንድ እግዚአብሔር ነው። ከተለየሽን አሥራ አንድ ወር ሊሞላ አራት ቀን ቀረው። በዚህ ሁሉ ጊዜ በጸሎት ስምሽን ሳላነሣ የዋልሁበት ቀን የለም፤ እሱ ግን የቄሱ ሥራ ነው። ዛሬ የምጽፍልሽ ባልሽ ነኝ። እስከ ዛሬ ድፍረት አጥቶ የቆየ ባልሽ።

ቤቱ ያው ነው። ጥቁሯ ላም ወልዳለች። ከጓሮ የተከልሽው ጎመን ደርቋል፤ የሚያጠጣው አልነበረም። ወጥ መሥራት ለመድሁ ብልሽ ትስቂብኛለሽ፤ ድስቱን ብታዪው ደግሞ ሳቁ ይቀርና ትቆጪኛለሽ፣ ሽሮ እያሳረርሁ ከል አልብሼዋለሁ። ቄስ ሚስቱ ስትሞትበት ሌላ አያገባምና የጓዳው ሥራ የእኔና የልጃችን የሰብለ ሆነ። የእኔ ማለቴም ውሸት ነው። እስከ ሰሞኑ ድረስ የሰብለ ብቻ ነበር።

ሰብለ ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታ መካነ ሰላም ቤት ተከራይታ ትማራለች። ዐርብ ከትምህርት ስትወጣ ሦስት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ትመጣለች። ቅዳሜና እሑድ ውኃ ስትቀዳ፣ የሳምንቱን ስታበስል፣ ጋጣ ስትጠርግ ትውልና ሰኞ ማለዳ ደብተሯን ሳትገልጥ ትመለሳለች። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስገባ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ግንባሯን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራለች። ምን ሆነሽ ብላት፣ «ምንም አባዬ፣ ራሴን ነው» አለችኝ። ቃሉ ያንቺ፣ አስተሳሰሩም ያንቺ። ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ።

ያን ጊዜ ነው ሐኪም ቤት የሄድንበት ቀን የመጣብኝ። ራስሽን ሲፈልጥሽ ከርሞ በበቅሎ መካነ ሰላም ወሰድሁሽ። ነርሷ ክንድሽን አስራ ለካችና ግፊትሽ በጣም ከፍ ብሏል አለች። ከዚያ አንቺን፣ እኔን ሳይሆን አንቺን፣ በወር ውስጥ ስንት ቀን ከሥራ ታርፊያለሽ ብላ ጠየቀችሽ። መልሱን ከአፍሽ የነጠቅሁት እኔ ነኝ። እኛ ክርስቲያኖች ነን አልኋት። ከአቦ እስከ በዓለ እግዚአብሔር በጣቴ ቆጠርሁላት፤ ሥላሴን፣ ሚካኤልን፣ ኪዳነ ምሕረትን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን፣ ጊዮርጊስን፣ መድኃኔዓለምን፣ ቅዳሜና እሑዱን ጨምሬ። ከወሩ እኩሌታውን እናርፋለን፣ የመንግሥት ሠራተኛ እንኳ ይህን አያገኝም ብዬ ኮራሁ። ነርሷ ደክሟት ነበር መሰለኝ፣ ምነው ለእኔም በሆነ ብላ ሳቀች። አንቺ የነጠላሽን ጥለት ታዪ ነበር።

እታለሜ፣ እኔ እኮ የዋሸሁ አልመሰለኝም ነበር። በዓል ያፈረሰውን ሰው ዐውደ ምሕረት ላይ የምገሥጸው እኔ ነኝ። ሞፈር አይነሣም፣ አይታጨድም፣ አይፈጭም፣ አይፈተልም እላለሁ። ውኃ መቅዳትን፣ እሳት ማንደድን፣ እንግዳ ማስተናገድን ግን ማንም ሥራ ብሎ አስተምሮኝ አያውቅም፣ እኔም ብዬ አላውቅም። በበዓል አይፈጭምና ዋዜማውን የሁለት ቀን ስትፈጪ ትውያለሽ። በነጋታው እኔ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ፣ ማኅበርተኛው ይመጣል፣ አንቺ ከምንጭ ወደ ቤት፣ ከጓዳ ወደ ደጅ ትመላለሻለሽ። ከሐኪም ቤት የሰጡሽን ኪኒን አንድ ቀን ሳታጓድይ ዋጥሽ። ዕረፍቱ ግን በእኔ እጅ ነበር።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ለሦስተኛ ጊዜ ምንጭ ስትወርጂ እኔ ከማኅበርተኞቹ ጋር አንቺ የጠመቅሽውን ጠላ እጠጣ ነበር። ወደቀች ብለው ሲጠሩኝ ጽዋው በእጄ ነበር። በቃሬዛ ስንወስድሽ ግማሽ ፊትሽ አልታዘዝ ብሎሽ ልታናግሪኝ ፈለግሽ፤ አልሰማሁሽም። በሁለተኛው ቀን አለፍሽ። ከዚያስ ምን አደረግሁ? ለአርባሽ ደገስሁ። ሰብለ ከትምህርት ቀርታ ሳምንቱን ሙሉ ጌሾ ስትወቅጥ፣ ስትፈጭ ሰነበተች። እኔ ማዕዱን ባረክሁ። ሕዝቡም የሚያምር ተዝካር አለ።

አሁን ሙት ዓመትሽ እየደረሰ ነው። እህትሽ ሰሞኑን መጥታ፣ «አብሽሩ አባ፣ ሥራው የሴት ነው፣ እኔና ሰብለ አለን» አለችኝ። ዘንድሮ ድግስ የለም አልኋት። ፍትሐትና ቅዳሴ ይደረጋል፣ እህሉም ጥሬውን ለደብሩ ችግረኞች ይሰጣል። ፊቷ ተለወጠ። «የሰውን ሁሉ ተዝካር ሲባርኩ ኖረው ለእህቴ ሲሆን ነፈጓት?» አለች። እያለቀሰች ወጣች። እውነቷን ነው፣ በልቻለሁ፤ የእያንዳንዱን ቤት ተዝካር ከፊት ተቀምጬ በልቻለሁ፣ ማን እንደፈጨው ጠይቄ አላውቅም።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ለነርሷ የመለስሁትን መልስ፣ ውሸት መሆኑንም፣ በሕዝቡ ፊት ተናገርሁ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ከወንዶቹ አንዱ፣ ሐዘን አእምሮውን ነካው መሰለኝ ሲል ሰማሁት። ይበል። ከዚያ ጀሪካኑን አዝዬ ምንጭ ወረድሁ፤ ሰብለ ልትቀማኝ ብትሞክር ተቆጣኋት። ዳገቱን አራት ጊዜ እያረፍሁ ወጣሁት። አንቺ በበዓል ቀን ስንት ጊዜ ትወጪው እንደነበር አሰብሁና ጀሪካኑን ሳላወርድ ቆሜ አለቀስሁ። አሁን ጀርባዬን አሞኛል፤ ይሄ ደግሞ ካሣ እንደማይሆን አውቃለሁ።

ከእንግዲህ ሰብለ በየሳምንቱ አትመጣም። መካነ ሰላም ቆይታ ታጥና፣ ከጓደኞቿ ጋር ትዋል፣ ራሷንም ትታከም። እኔ የበሰለውን እበላለሁ፣ ያረረውንም እበላለሁ።

አልረሳሽም፣ ወለተ ሥላሴ። እጄ መስቀል እስከያዘ ድረስ በክርስትና ስምሽ እጠራሻለሁ። የሙት ዓመትሽ ዕለት ሰብለ እዚህ ትሆናለች። ውኃውን ቀድቼ፣ እሳቱን አንድጄ ወደ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። እሷ ትተኛለች። አንቺን አንድም ቀን ተኚ ብዬሽ አላውቅም። ደወሉ ቢደወልም አልቀሰቅሳትም።