እንደ ጠመንጃ የተጠበቀ ሀርድ ዲስክ

ሰቆጣ፣ ኅዳር 2001 ዓ.ም.

ውድ ሀይሉ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ስለ ጥፍር መቁረጫዬ ነው። ስትሄድ ይዘኸው ሄደሃል። አትካድ፤ ከአንተ በቀር ኪሴን የሚዳብስ የእህት ልጅ የለኝም። ይኸው ከዚያ ወዲህ ጥፍሬን በምላጭ እከረክማለሁ፤ አውራ ጣቴን ብታየው የተዋጋ በሬ ቀንድ ይመስልሃል። ለመሆኑ ሰው የአጎቱን ጥፍር መቁረጫ ይዞ ባሕር ይሻገራል?

ነገሬ ይኸው ነበር። ግን ወረቀቱ ብዙ ተረፈኝ፤ እጄም ሥራ ይፈልጋል። አድራሻህን አላውቀውም። ቢሆንም ልጻፍልህ።

እንግዳው የሚባለው የሚኒባስ ሹፌር ከአምደወርቅ አንድ ወሬ ይዞ መጣ። ቢምረው የሚባል የደሃና ወረዳ ልጅ ከየመን ተመልሷል። አንተ ከቤት በወጣህበት ወር ነው የተሻገረው። “በጀልባዋ ላይ ሁለት የሰቆጣ ልጆች ነበሩ። አንዱን ባሕር በላው፤ አንዱ ከእኔ ጋር በሕይወት ወረደ” ብሎ ተናገረ። ስማቸውን አያውቅም፤ ደላላው ሁሉንም ስም አስቀይሯቸው ነበር። ስልኩን ፈልጌ ደወልኩለትና መልክህን ነገርኩት። ቀጭን ነው፣ ጠይም ነው፣ ጸጉሩ ከርዳዳ ነው አልኩት።

“አባባ፣ ጀልባው ሙሉ እንደዚያ ነበር” አለኝ። “ፎቶ ይላኩልኝ። ፊቱን ካየሁት እለየዋለሁ።”

ፎቶ! የሰቆጣን ሰው ሁሉ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ያነሳኸው አንተ፣ አንተን ያነሳ ማን አለ? ከእናትህ ሳጥን የስምንተኛ ክፍል መፈተኛ ካርድህን ሰርቄ አወጣሁ፤ ፎቶው ላይም የትምህርት ቤቱ ማኅተም አፍንጫህ ላይ አርፏል። ሰርቄ ያልኩት ለእህቴ ለውባንቺ ስላልነገርናት ነው። እናት ልጇ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ እንዴት ይነገራታል?

ያኔ ነው አባትህ ተነስቶ ወደ ገብሱ ጎታ የሄደው። ክንዱን እስከ ትከሻው ገብሱ ውስጥ ከተተና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር መዞ አወጣ። ሀርድ ዲስክህ! ፎቶ ቤቱን ስትዘጋ የሠራኸውን ሁሉ እዚያ ውስጥ እንዳስቀመጥክ አውቅ ነበር፤ ለማን እንደሰጠኸው ግን አልነገርከኝም።

“እንደ ጠመንጃዎ ይጠብቁልኝ አለኝ” አለ አባትህ ፈንታሁን። “ጠበቅሁለት።”

አባትህን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ አደራ አይሰጠውም ነበር፣ ሀይሉ። ለምን እንደሆነ አሁን እነግርሃለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሠርካለም ዘንድ ወሰድነው። አንተ ስትሄድ አልነበረችም፤ ከጎንደር በኩል ተመድባ የመጣች የመንግሥት ቢሮ ኮምፒውተር ሠራተኛ ናት። አለቃዋን አስፈቅዳ ከፈተችልን። ገመዱን ሰካች። ምንም። ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካች። ምንም። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራች፤ የራሷን ፍላሽ ሰክታ ሞከረች፤ ያን ወዲያው አወቀው። የአንተ ግን መብራቱም አልበራ።

“ቀዳዳው ጤነኛ ነው። ዕቃው ነው የታመመው” አለችና ሀርድ ዲስኩን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች። አሸተተችው። “አባባ፣ ይሄን ምን ቀቡት?”

“ቅቤ ነዋ!” አለ አባትህ። “ብረት ካልተቀባ ይዝጋል።”

“ገመድ የሚገባበት ውስጥም?”

“አፈሙዙንማ አስቀድሜ ነው የቀባሁት።”

ሌላ ቀን ቢሆን መሬት ላይ ተንከባልዬ በሳቅኩ። ቅቤው የገብሱን እብቅ ይዞ እንደ ጭቃ ደርቋል። ልጅቱ ንጹሕ አልኮል ፈለገች። እኔ አረቄ ላምጣ አልኩ። “ጋሼ ምሳው፣ ይሄ ቁስል እንጂ ሠርግ አይደለም” ብላ ፋርማሲ ሰደደችኝ። ጥጥ በስንጥር ጠቅልላ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ከዚያች ጠባብ ቀዳዳ ቅቤውን ጠረገች። አባትህ ከአጠገቧ አልተነቃነቀም። ጥጡ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ ባየ ቁጥር በኽምጣንጋ ቋንቋ ራሱን ይሰድባል።

እንዲደርቅ ትተን ቆየን። ከዚያ ሰካችው። መብራቱ በራ! አባትህ እልል ሊል ምንም አልቀረው። ግን ከውስጡ ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ የሚል ድምፅ መጣ፤ ኮምፒውተሩም አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ሠርካለም የገመዱን ጫፍ ልታይ ጎንበስ ብላለች። ማውዙ እኔ ዘንድ ነው። እንግሊዝኛዬን ታውቃታለህ፤ ከመድኃኒት ካርቶንና ከሬዲዮ ጀርባ የለቀምኳት ናት። አዎ እና አይደለም የሚሉትን ብቻ አነበብኩ። መንግሥት ቤት ሲጠይቁህ አዎ ማለት ይሻላል ብዬ ቀስቱን ወደዚያው ገፋሁ።

“ጋሼ! እጅዎን!”

እጄን እንደ ሌባ እጅ ያዘችው።

“ምን አለኝ?”

“በውስጡ ያለውን ሁሉ ላጥፋና እንደ አዲስ ልጀምር ወይ ነው የሚለው።”

አባትህ ዱላውን ጨብጦ ተነሳ። “አይደለም በይው! አይደለም በይው እንጂ!” ኮምፒውተሩን የሚማታው መስሎኝ መሐል ገባሁ።

ጥፋቱ ገመዱ ላይ ነበር። ባለ ሁለት ራስ ነው አይደል? እኔ ጠዋት ስንነሳ አንዱን የመጠባበቂያ መስሎኝ አጥፌ በክር አስሬዋለሁ። “በአንዱ ብቻ ጉልበት አያገኝም፤ ለዚህ ነው የሚያንኳኳው” አለች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሁለቱንም ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሰካች። ማንኳኳቱ ቆመ። እንደ ንብ ያለ ቀጭን ድምፅ ብቻ ቀረ። የፎቶ ሣጥንህ መስታወቱ ላይ ተከፈተ።

ሰቆጣ በሙሉ እዚያ አለ፣ ሀይሉ። ሙሽሮች፣ የመታወቂያ ፊቶች፣ ከበጉ ጋር የተነሳው ምንዋጋው። ያቺ አንዲት ክራባትህ የስንቱን አንገት ዞራለች! አንተ ግን የለህም። ሠርካለም እያወረደች፣ እኔ እያየሁ፣ ዓይናችን ፈዘዘ። በአንዱ ላይ መስታወት ውስጥ አገኘንህ፤ ካሜራው ፊትህን ሸፍኖታል። መጨረሻ ላይ የመብራት መሞከሪያ ብለህ ራስህን ያነሳኸው መጣ። ፊትህ ጥርት ብሏል፤ ምላስህ ግን እስከ አገጭህ ወጥቷል።

አባትህ የጋቢውን ጫፍ አፉ ላይ አደረገ። ከዚያ ወደ ፎቶህ ጠጋ ብሎ፣ “በል አሁን ምላስህን አስገባ” አለህ፤ ቀስ ብሎ፣ ልጅ ሳለህ እንደሚቆጣህ።

እንደዚያው አትመን፣ ፖስታ ውስጥ ከትተን ትናንት በእንግዳው እጅ ላክነው። ቢምረው አይቶ ከአምደወርቅ ሊደውልልኝ ነው። ከጠዋት ጀምሮ በእናትህ በረንዳ ተቀምጫለሁ፤ ስልኩ ጉልበቴ ላይ ነው። አይጠራም። መልካም ወሬ ቢሆን እስካሁን በደወለ። መርዶ ግን በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚመጣ። ስልኩ ዝም ባለ ቁጥር አንድ ቦታ ሽማግሌ እየተሰበሰበ ይመስለኛል። አባትህ አጥሩን እየዞረ ነው፤ የላላ እንጨት አጠብቃለሁ ይላል፤ አጥሩ ላይ የላላ እንጨት የለም።

ውባንቺ ጠዋት አፍጥጣ አየችኝና፣ “ምሳው፣ ዛሬ ቀልድህን ማን ወሰደብህ?” አለችኝ።

የምፈራውን ልንገርህ። በሕይወት የወረደው አንተ እንድትሆን ስጸልይ፣ ያንን ሌላውን ልጅ በገዛ እጄ ወደ ባሕር የምገፋው ይመስለኛል። እሱም አጎት ይኖረዋል። አንተ ከተረፍክ፣ ወደዚያኛው ቤት ጎሕ ሲቀድ ከሚሄዱት ሽማግሎች አንዱ እኔ ነኝ። ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

ቆይ። በሩ ተንኳኳ።

አባትህ አጥሩ ሥር ደርቆ ቀረ፤ አይከፍትም። በቀዳዳው አያለሁ። የማላውቀው ልጅ ነው፤ ከስቷል፤ አቧራ እስከ ጉልበቱ። ብቻውን ነው። ፖስታችን እጁ ላይ አለ፤ ቢምረው መሆን አለበት። ስልክ እያለው በእግሩ ለምን መጣ?

“ቤቶች!” አለ፤ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ “የምሥራች!”

እኔ አፌን ሳልከፍት እናትህ ከጓዳ “ምሥር ብላ! ምሥር ብላ፣ ልጄ!” እያለች በባዶ እግሯ አለፈችኝ። ምንም ያልነገርናት ሴትዮ። ለካስ ከሁላችንም በላይ ስትጠብቅ ኖራለች።

ልከፍት ነው።

አጎትህ፣ ምሳው