ከግንባሬ ወደ ጉንጬ

ኅዳር 4
ዛሬም ሐኪሙ እኔን ጠየቀ፣ እናቴ መለሰች። «ያማታል?» «ኧረ አያማትም ዶክተር።» ያመኛል እኮ...
ልጅ ሳለሁ አፌ ውስጥ የወጣ ቁስል ነው ጉንጬን የበላው። ውሃ ስጠጣ በቀዳዳው ይፈሳል። ሰው ፊት አልበላም። አሁን የግንባሬን ቆዳ ከነሥጋው ገልብጠው ቀዳዳው ላይ ሊሰፉት ነው። ከጆሮዬ በላይ ግን አይቆርጡትም፣ ተንጠልጥሎ ይቆያል።

ኅዳር 9
ተሠራሁ። መስታወት ከለከሉኝ፣ በመስኮቱ አየሁት። ከጆሮዬ በላይ ተነስቶ ጉንጬ ላይ የሚወርድ ወፍራም ሥጋ... የባልዲ እጀታ ነው የሚመስለው።
ሐኪሙ ለእናቴ፣ «ደሙ የሚመጣው በዚህ ነው። ጉንጯ ላይ ሥር እስኪሰድ ምንም እንዳይጫነው። ሻሽም ቢሆን!» እሷም፣ «እሺ ዶክተር፣ እሺ።»
አጠገቤ የተኙት ሴትዮ ምላሳቸው ተቆርጦ ከክንዳቸው ሥጋ ተሠርቶላቸዋል። እየተኮላተፉ፣ «ወሬዬ እጅ እጅ ካለሽ አትፍረጂብኝ ልጄ» አሉኝ። ሳቅሁ። ስፌቱ ቆነጠጠኝ።

ኅዳር 12
ነርሷ ጉንጬን ስትነካኝ ግንባሬ ላይ ተሰማኝ! «ሥጋው ገና አዲሱን ቤቱን አልለመደም» አለችኝ። ጫን አድርጋ ስትለቀው ቀለሙ ይመለሳል። «ሞቋል፣ ደህና ነው።»
ምራቄን ዋጥሁ። አልፈሰሰም። ደግሜ ዋጥሁ... ማንም አላየኝም።

ኅዳር 14
አክስቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ሰፈሩ «ሬዲዮ» ነው የሚላት። እናቴ ድምፅዋን ከኮሪደር ስትሰማ ሻሿን ከራሷ ፈታ ራሴ ላይ አሰረችው። ጥብቅ አድርጋ፣ እጀታው እንዳይታይ።
«እማዬ፣ ሐኪሙ...»
«ለትንሽ ነው! አገር እንዲስቅብኝ ነው?»
በእሷ ነው የሚሳቀው እንግዲህ። እኔስ?
ሬዲዮ ተቀመጠች አልተነሳችም። የእገሊት ልጅ አገባች፣ የእገሌ ሚስት ኮበለለች... ጉንጬ መጀመሪያ ወጋኝ፣ ቀጥሎ ከበደኝ። በኋላ ምንም አልተሰማኝም። «አሞሻል እንዴ?» አለችኝ። «ደህና ናት፣ ዓይን አፋር ሆና ነው እንጂ» አለች እናቴ። አጠገቤ የሚተኙት ሴትዮ ቁስላቸውን ሊያሳጥቡ ወጥተው ነበር፣ ነርስም የለችም። እጄ አልታሰረም። ለምን አልፈታሁትም?

ኅዳር 15
ጫፉ ጠቁሯል። ነርሷ ተጫነችው፣ ቀለሙ አልተመለሰም። ሐኪሙ በመርፌ ወጋው። ደም የለም።
«ምን ነካው?»
እናቴ እኔን አየችኝ። «ተኝታበት ይሆናላ ዶክተር። ልጅ ናት።»
ተኝታበት!

ኅዳር 16
እናቴ ሾርባ አመጣች። አልጠጣሁም።

ኅዳር 23
የሞተውን ቆርጠው ጣሉት። ግማሹ ተርፏል። ቀዳዳው ጠበበ እንጂ አልተደፈነም። ግንባሬ ደግሞ ከጭኔ በተላጠ ቆዳ ተለጥፏል። ጉንጬን ላድን ሄጄ ግንባሬን ጨምሬ መጣሁ... ከድጡ ወደ ማጡ። እናቴ፣ «ተመስገን በይ፣ ከምንም ይሻላል» ትላለች። ለማን?

ታኅሣሥ 20
ለቀጠሮ ሄድን። እጀታውን ቀደም ብለው ቆርጠውታል። የቀረውን ቀዳዳ ከደረቴ በሚመጣ ሥጋ ሊደፍኑት ነው። እንደገና መንጠልጠል፣ እንደገና መጠበቅ።
«ማን ነው የሚያስታምማት?» አለ ሐኪሙ።
«እኔ ነኛ ዶክተር! እናቷ እያለሁ ማን ሊሆን?»
«እሷ አትሁን» አልሁ።
ነፋስ በቀዳዳው ፊሽ አለ፣ ግን ተሰማ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።
«ለምን?»
«አልተኛሁበትም። ሻሽ አስራብኝ ነው የሞተው።»
ሐኪሙ እናቴን አያት፣ እስክሪብቶውን አንስቶ ካርዴ ላይ ጻፈ። ቢቆጣት ይሻል ነበር።
እውነቱን ስናገር ቅልል የሚለኝ መስሎኝ ነበር። አላለኝም።
አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ቦታ እያለ ከፊቴ ሄዳ ተቀመጠች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እጄ እስከ ወንበሯ ይደርስ ነበር... አልዘረጋሁትም።