መስመር ሳትዘል አንብብላት

ደብረ ብርሃን፣ ጥር 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም እማዬ። እንደምን ከርመሻል? ያ የሚያስነክስሽ ጉልበት ተሻለሽ? ላሟስ ወለደች? እትዬ ጠይባስ ከአማቷ ጋር ታረቀች ወይስ ዛሬም በአጥር ላይ ነው የሚሰዳደቡት? እኔ አላህ ይመስገነው ደኅና ነኝ፤ የጎደለኝ አንቺን ማየት ብቻ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ሰው አይምርም። ፋብሪካ ውስጥ ለሌላው ሰው ብርድ ልብስ ስሠራ ውዬ፣ ጥርሴን እያንቀጫቀጭኩ ቤቴ እገባለሁ። ሳቂ፣ እኔም እየሳቅኩ ነው የጻፍኩት።

ደብዳቤሽ በባለ አህያው በዓወል እጅ ደርሶኛል። ይህንንም እሱው ያመጣልሻል። ሲደርስሽ እንደ ልማዳችሁ ከዐስር ሶላት በኋላ የጎረቤቱ ሴት ሁሉ ደጃፍሽ ላይ ተሰብስቦ፣ ሰላሀዲን ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ ጠራርጎ እንደሚያነብላችሁ አውቃለሁ። በሠፈሩ እንደ እሱ አሳምሮ የሚያነብ የለም። ስለዚህ ወሬዬን ከመጀመሬ በፊት ለአንባቢው አንድ ቃል አለኝ። ሰላሀዲን፣ እንደምን አለህ? መስመር ሳትዘል አንብብላት። አንተን የሚያሳፍርህም ቢሆን፣ እኔን የሚያሳፍረኝም ቢሆን እንደተጻፈው አንብበው።

እማዬ፣ በደብዳቤሽ እንዲህ ብለሽኛል። ሰላሀዲን የአንቺንና የጎረቤቱን በርበሬ ሁሉ ባንድ ላይ ጭኖ አዲስ አበባ ወስዶ ሊሸጥላችሁ ነው። የንግድ ፈቃድ አለው፣ ቁጥሩ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ነው፣ ማኅተም አለበት፣ ኬላ ላይ የሚነካው የለም። ጥር ሃያ ሁለት፣ ጁምዓ፣ ገበያው ሲበተን ይጫናል። ሴቶቹ የሚጠብቁት የአንቺን ቃል ነው፤ አንቺ ከሰጠሽ ሁሉም ይሰጣሉ፣ አንቺ ከከለከልሽ ሁሉም ይከለክላሉ። ልጃችን ነው፣ እጃችን ላይ ያደገ ነው፣ አንቺስ ምን ትያለሽ? ብለሽ ጠየቅሽኝ።

የምለውን ልንገርሽ። እኔ ሰባ ሰባትን አልረሳሁም። ከዚያ ድርቅ ወዲህ ደጅሽ ላይ በርበሬ ተሰጥቶ ሲቀላ ይህ የመጀመሪያው ነው። ያ በርበሬ እስከ መጪው መኸር የምትበዪው ማሽላ ነው፤ ዘርሽም እሱ ነው። እሱ ከቤትሽ ወጥቶ ከቀረ የሚቀርልሽ እንደገና የእርዳታ ስንዴ ለመቀበል ፀሐይ ላይ መሰለፍ ነው። አንድ ጊዜ ተሰልፈሽ አይቼሻለሁ፤ ሁለተኛ አላይሽም። ስለዚህ ልጃችን ነው የሚለው ቃል ብቻውን አላስተኛኝም፤ ማጣራት ጀመርኩ።

ፈረቃዬ የከሰዓት በሆነበት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ንግድ ጽሕፈት ቤት እየሄድኩ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። መዝገቡን የሚይዙት አቶ ወልደአረጋይ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸው በክር የታሰረ፣ ከጀርባቸው የሦስት ጢማም ፈረንጆች ሥዕል የተሰቀለ። የመጀመሪያው ቀን ማን ልኮሽ ነው አሉኝ። እናቴ አልኳቸው። እናትሽ የየትኛው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናት አሉኝ። የዓሊዩ አምባ ባለ በርበሬ ናት አልኳቸው። በይ ሂጂ፣ ሥራ አታስፈቺኝ አሉኝ። በማግስቱም ሄድኩ፤ እንዳላየ ሰው አለፉኝ። በሦስተኛው ቀን ሻያቸውን እየጠጡ በመስኮት አዩኝና፣ አንቺ ልጅ ከዚህ አግዳሚ ጋር ተጋባሽ እንዴ አሉኝ። መዝገቡ እስኪገለጥ ድረስ አልፈታውም አልኳቸው። ሳቁና ገለጡት።

ሁለት መቶ አሥራ ስምንት የሚባል ቁጥር አለ እማዬ። እሱ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ፈቃዱ የበርበሬ ሳይሆን የቆዳና ሌጦ ነው። አገሩም የእኛ ሳይሆን ሰላ ድንጋይ ነው። ስሙ የሰላሀዲን አይደለም፤ ብርሃነ መስቀል የሚባል ሰው ነው። ከአምና ወዲህም አልታደሰም። አቶ ወልደአረጋይ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳርፈው፣ ፈቃድ እንደ ወንፊት ለጎረቤት አይዋስም አሉኝ። ሰው ቁጥር ሲነግርሽ ቁጥሩን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ፤ በማን ስም እንደወጣ፣ ምን እንዲነግድበት እንደተፈቀደለት፣ የዘንድሮ ማኅተም ያረፈበት መሆኑን ጠይቂ ብለው መከሩኝ። ኬላ ላይ ቢያዝ እሱ ሮጦ ያመልጣል፣ የሚወረሰው ጭነቱ ነው፤ ጭነቱ ደግሞ የእናትሽ ነው አሉኝ። የመዝገቡን ግልባጭም ማኅተም መትተው ሰጡኝ። መጀመሪያ ያባረሩኝን ያህል በመጨረሻ ደጅ ድረስ ሸኙኝ።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን ምናልባት እሱም የተታለለ ይሆናል፣ ምናልባት ሰው ይሠራል ብሎ ሸጦለት ይሆናል አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ኋላ እነግርሻለሁ። ከቀበሌ መሸኛ ለማውጣት ሁለት ቀን ተመላለስኩ። ቅዳሜ ዕለት በጭነት መኪና እስከ ጣርማ በር ሄጄ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ ሰላ ድንጋይ ገባሁ። እግሬ እስከ ዛሬ አብጧል።

ብርሃነ መስቀል ሞቷል። በአምናው የካቲት ነው የሞተው። ሚስቱ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ከቤት አስገብተው ቆሎ አቀረቡልኝና ያገኛቸውን ነገሩኝ። ሐዘናቸው ሳይወጣ፣ ስሜ አሊ ነው ያለ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ፣ በጣም ጨዋ ሰው መጣ። የሟቹን ፈቃድ ለመንግሥት ካልመለሱ ግብር ይከመርብዎታል፣ እኔ ደብረ ብርሃን ስሄድ አስረክብልዎታለሁ ብሎ ወረቀቱን ተቀበላቸው። በዚያው የዓመቱን ምስር ወስጄ ሸጬ ላምጣልዎት አላቸው። እሳቸው አመነቱ። ወታደር የሆነ አንድ ልጅ አላቸው፤ በዚያው ሰሞን ከአሥመራ ደብዳቤ ልኮላቸው ነበርና እስቲ መጀመሪያ ይህን አንብብልኝ አሉት። ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ ጠራርጎ አነበበላቸው። ድምፁ ደስ ይል ነበር፣ እያለቀስኩ ነው የሰማሁት አሉኝ። አንብቦ ሲጨርስ ምስሩን አሸክመው ሰደዱት። እሱም በግራ እጁ ደረሰኝ ጽፎ ሰጣቸው።

ያንን ደረሰኝ አሳዩኝ። እኔም ከቦርሳዬ ሰላሀዲን የጻፈልሽን የአንቺን ደብዳቤ አውጥቼ ከጎኑ አደረግኩት። እማዬ፣ ሁለቱን ወረቀት የጻፈው አንድ እጅ ነው።

ሰውየው አልተመለሰም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ልጃቸው ሲናፍቃቸው ያንኑ ደብዳቤ ለደብሩ ቄስ ለዘርአ ዳዊት ሰጥተው እንደገና አስነበቡት። ልጁ ከመካከሉ ላይ፣ እማማ፣ አባባ የለም ብለው የሚመጡ ይበዙብሻል፣ እኔ እስክመጣ እህሉን ለማንም እንዳትሰጪ ብሎ ጽፏል። ያ መስመር በመጀመሪያው ንባብ አልነበረም። ይህን ሲነግሩኝ ያዘኑት ለምስሩ አልነበረም። ምስሩስ ይዘራል ልጄ፣ የልጄን ቃል ነው ከጆሮዬ የሰረቀኝ አሉኝ። ልጁ ከዚያ ወዲህ አልጻፈም።

ሰላሀዲን፣ እያነበብክ ነው? አታቋርጥ።

እማዬ፣ ይህን ሁሉ ካወቅሽ ደብዳቤውን ለምን በሌላ ሰው አላስነበብሽም ትዪኝ ይሆናል። ሌላ ሰው ቢያነበው ሴቶቹ የሚሉትን አውቃለሁ። ሽማግሌ ልኮ እምቢ ያለችው ናት፣ ዛሬ ደግሞ እንጀራውን ልትዘጋበት ነው ይላሉ። ስለዚህ ከራሱ አፍ ይስሙት።

ሽማግሌውን ካነሳሁ አይቀር፣ ለአንቺም ነግሬሽ የማላውቀውን ልንገርሽ። እምቢ ያልኩት ጠልቼው አልነበረም። ወድጄው ነበር። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፤ ሀን በግራ እጁ አሸዋ ላይ ጽፎ እኔ በቀኜ ስገለብጥ፣ ከኔ የተሻለ ጻፍሽ ብሎ ያሞካሸኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እሱን ካገባሁ ከዓሊዩ አምባ ወጥቼ ሠርቼ እንደማልበላ ስለገባኝ ብቻ ነው። የደብዳቤሽን ፖስታ ዓወል ሲሰጠኝ የሱን እጅ ጽሑፍ አይቼ ልቤ ደነገጠ፤ ያ መውደድ ስምንት ዓመት ሙሉ የት ተደብቆ እንደነበር እንጃ። ሰላ ድንጋይ ድረስ በእግሬ የሄድኩት አጥፍቶ እንዲገኝ ብዬ አይደለም። ንጹሕ ሆኖ ባገኘው ብዬ ነው። አላገኘሁትም፤ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩና ተነስቼ መጣሁ።

አሁን ለቅሶው አልቋል። አንድ ጆንያ በርበሬ ከቤትሽ እንዳይወጣ። የእትዬ ጠይባም እንዳይወጣ፣ የማንም እንዳይወጣ። ሰላሀዲን ልጫን ካለ በስሙ የወጣ፣ በርበሬ የሚል፣ የዘንድሮ ማኅተም ያለበት ፈቃድ ያምጣና ሽማግሌ ፊት ዋስ ይጥራ። የለኝም ካለ እዚያው ሁሉም ይስማው። ጁምዓ እኔ ራሴ እመጣለሁ፤ ፋብሪካው ሁለት ቀን ፈቅዶልኛል፣ ባይፈቅድልኝም እመጣ ነበር። ግልባጩን ይዤ እመጣለሁ። ብቻዬንም አይደለሁም። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ እስከ አንኮበር በመኪና፣ ከአንኮበር ቁልቁል በበቅሎ አብረውኝ ይወርዳሉ። የልጃቸውን ደብዳቤ ይዘውታል። ምስሬን መልስ አይሉህም ሰላሀዲን፣ እሱን ሽማግሌዎቹ ይጠይቁህ። እሳቸው የሚፈልጉት ያን ደብዳቤ እንደገና እንድታነብላቸው ነው፤ ያችን መስመር ካንተ አፍ ሊሰሟት ነው የሚመጡት። ከጁምዓ በፊት ልጥፋ ብትል መንገዱ ሰፊ ነው፣ ማንም እግርህን አይዝም። ብትቆይ ግን እኔ በበኩሌ ቆየ ብዬ እመሰክርልሃለሁ።

እማዬ፣ አንድ ነገር ቀረኝ። ሰላሀዲን በጻፈልሽ ደብዳቤ ግርጌ፣ አንቺ አውራ ጣትሽን ካሳረፍሽበት በታች፣ በከሰል የተጻፉ ሁለት ቃላት አሉ። ልጄ አጣሪ ይላሉ። ፊደሎቹ እንደ ሽማግሌ ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው፤ አንዱ ጭራሽ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሯል። የሱ እጅ አይደለም፤ ፖስታው ሲታሸግም ያያቸው አይመስለኝም። የማን እጅ እንደሆነ አልጠይቅሽም። ብቻ በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ከሁሉም ኋላ ተቀምጣ ታንቀላፋለች እየተባለ ሠፈሩ ሁሉ የሚስቅባት አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ። እኔም ስቄባት አውቃለሁ፤ ይቅር ትበለኝ። ከሰሉን እንዳላጠፋው ተጠንቅቄ ወረቀቱን ሳምኩት።

ይህ ደብዳቤ ተነቦ ሲያልቅ ከአንባቢው እጅ ተቀበይና ሣጥንሽ ውስጥ አኑሪው። ለብቻሽ ስትሆኚ አውጪና ቀስ ብለሽ እዪው፤ ማንም አያስቸኩልሽም።

አላህ ጉልበትሽን ያበርታልሽ። ደጅሽ ላይ የቀላውን በረከት ያድርግልሽ፣ በገዛ እጅሽ ዘርተሽ በገዛ እጅሽ እጨጂው። የወይዘሮ ለተጊዮርጊስንም ልጅ ባለበት ጠብቆ ለእናቱ ያምጣላት፤ ሴቶቹ ሁሉ ባንድነት አሚን ይበሉ። እትዬ ጠይባን ከነአማቷ ሳሚልኝ። ጁምዓ ሻሽ አስሬ ስወርድ እስክታዪኝ ድረስ ደኅና ቆዪኝ።

ልጅሽ

ሰላሀዲን፣ ከዚህ በታች ያለችውን ዝለላት። እንድትዘል የፈቀድኩልህ ይህችን ብቻ ነው፤ ለብቻዋ የምታነባት ሌላ ሰው አለች።

እ ማ ዬ ፣   አ ጣ ር ቻ ለ ሁ ።