ባሮ ገባ ያልሽው ክኒን

ጋምቤላ፣ ጥር 12 ቀን 1965 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ፣ ጎሬ።

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ፣ ልጆችሽስ፣ የጎሬ ብርድስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ቆሜያለሁ። አንቺ እንኳ አልጠየቅሽኝም፤ ከሄድሽ አራት ወር ሙሉ አንድ ቃል አልጻፍሽም። ያጠፋ እጅ ብዕር ይከብደዋል መሰለኝ።

እትዬ፣ አኩርፌያለሁ ብል ይቀላል። ተቀይሜሻለሁ።

ከይሪያን ወልጄ ምን እንደሆንኩ በዓይንሽ አይተሻል። ልጄ ስታለቅስ የጎረቤት ልጅ የምታለቅስ ይመስለኝ ነበር። አማቴ፣ ይቺ ልጅ አንቺ እጅ ላይ ትሞታለች ብለው ኢታንግ ቤታቸው ወሰዷት፤ ድነሽ ስትቆሚ አመጣታለሁ አሉ። ባሌ ሳኒም ያን ክኒን ከአዲስ አበባ ያስመጣው ልጄ እንድትመለስልኝ ነው።

የክሊኒኩ ድሬሰር ኦሞት እኔንና አንቺን አስቀምጦ አስረዳን። ጭንቅላት ውስጥ ነርቭና ነርቭ አይነካኩም፣ በመሃላቸው እንደ ባሮ ያለ ክፍተት አለ አለን። ወሬውን የሚያሻግር ቅመም አለ፣ ልክ እንደ ታንኳ። የኔን ታንኳ ግን ማዶ ሳያራግፍ ላኪው መልሶ ይጎትተዋል፤ ክኒኑ የጎታቹን እጅ ይይዛል፣ ታንኳውም ማዶ ይቆያል፤ ሐኪሞቹ የሚሉት ይህን ነው አለ። ታዲያ ዛሬ ውጣው ነገ ትስቃለች? አልሽው። የለም፣ መጀመሪያ አፏ ይደርቃል፣ ስትነሳ ያዞራታል፤ ደስታው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ ለምን እንደሚዘገይ እነሱም በውል አያውቁም አለሽ። እስቲ ድገምልኝ አልሽው። ደገመልሽ። አቤት እህቴ ስታስብልኝ አልኩ፣ እኔ ሞኟ!

ክኒኑን በጀመርኩ በአሥረኛው ቀን ተነስተሽ፣ የወባ ክኒን እንኳ በሦስት ቀን ያስነሳል፣ ይሄ ዱቄት ነው፣ ብልቃጡን ባሮ ወረወርኩት አልሽኝ። የሦስት ወር መድኃኒት! ጎረቤቴ አባንግ፣ እንግዲህ አዞው ሁሉ ሲስቅ ይከርማል ብላ ቀለደችብሽ። አንቺም አብረሽ ሳቅሽ። በማግስቱ የጎሬ ጭነት መኪና ላይ ወጣሽ።

ሌላው እስኪመጣ ሁለት ወር ተኛሁ። ከይሪያ ኢታንግ ዳኸች፤ ኢታንግ ጥርስ አበቀለች፤ "እማ" ያለችውም አማቴን ነው። ባለፈው ሳምንት አምጥተው ጭኔ ላይ ሲያስቀምጧት ጅብ እንዳየች ነው የጮኸችው። እስካሁንም የምትተኛው ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ነው።

ይህንንም አለማወቅ ነው ብዬ ልተወው ነበር። ግን ልጅሽ ሰይዳ ጻፈችልኝ። እማዬ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ፀጉሯን አታበጥርም፣ በር ዘግታ ትውል ነበር አለችኝ፤ እኛ ዘንድ ስትመጪ ሻሽሽን ጥብቅ አድርገሽ ነበር፣ ምን ላውቅ! ከጋምቤላ ስትመለስ ውሃ ውሃ አለች፣ አፌ ደረቀ ትላለች፣ ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለች፤ በኋላ ግን ተመስገን ነው፣ ሠርግ ቤት ሄዳ እልል አለች። አሁን ደግሞ ከወር ወዲህ በሩን መልሳ ዘጋች ብላ ጽፋለች።

ደብዳቤውን አጥፌ፣ መልሼ ዘርግቼ አነበብኩት። እትዬ፣ ባሮ ሽቅብ ወደ ጎሬ አይፈስም።

ይቅር አላልኩሽም። ከይሪያ እቅፌ ውስጥ እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ ደጄን እንዳትረግጪ። ከዚህ ጋር ግን ሐኪሜ ክኒኑን ያዘዘበትን ወረቀት አጥፌ አስገብቻለሁ። ለጎሬው ሐኪም አሳዪው። ምን ነካት እንዳይሉሽ ፈርተሽ እንደሆነ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም የኔ ነው፤ በኔ ስም ታመሚ።

አላህ ልብሽን ይክፈትልሽ፣ በርሽንም።

የተቀየመችሽ ታናሽ እህትሽ