የወይራም ድልድይ ቃል ወራሽ እንዲለይልኝ

ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለክቡር የምርጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ፍኖተ ሰላም

ጉዳዩ፦ በሕይወት እያሉ የጠፉብኝን የሕዝብ እንደራሴ ወይም ተተኪያቸውን ጽሕፈት ቤቱ ፈልጎ እንዲያስረክበኝ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

እኔ አመልካች እጅጉ ክንዱ በወይራም ሚካኤል ደብር የምኖር ገበሬና የሰው ዋስ ነኝ። ገበሬነቱን ከአባቴ ወረስሁት፤ ዋስነቱን ግን በገዛ አፌ አመጣሁት።

፩. በ፲፱፻፵፱ ዓ.ም. ደብራችን ከቡሬ ጋር ተቆጥሮ ሳለ ቀኛዝማች ገብረ ሕይወት ምረጡኝ ብለው መጡ። ከመረጣችሁኝ በወይራም ወንዝ ላይ ድልድይ አሠራለሁ አሉ። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ዋስ ሳይጠራለት ቃል አያምንም፤ በሬ ለሚዋስ እንኳ ዋስ ጥራ ይላል። ቀኛዝማች ዙሪያውን ቢያዩ የሚያውቁት ሰው እኔ ብቻ ሆንሁ፤ ያደሩት እኔ ቤት ነበርና። እንግዳዬን ማሳፈር ከብዶኝ ዋስ ነኝ አልሁ። ሕዝቡም መረጣቸው።

፪. ድልድዩ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ባለፈው ነሐሴ የጎረቤቴን የታከለን ሚስት ሸጋዬን ከቡሬ ገበያ ስትመለስ ወይራም ወሰዳት። አርባዋ እንደወጣ ሕዝቡ ዋርካ ሥር ተሰብስቦ አስጠራኝ። ወይ ድልድዩን ወይ ሰውየውን ክረምት ሳይገባ አምጣ፤ እስከዚያው ከወንፈል ወጥተሃል፣ ማኅበርም አትጠጣም ተባልሁ። ክቡርነትዎ የከተማ ሰው ስለሆኑ ልግለጽልዎ፤ ከወንፈል መውጣት ማለት አዝመራህን ብቻህን እጨድ፣ ስትሞትም ቀባሪ ፈልግ ማለት ነው። ጤፌን እኔና ባለቤቴ ተናኜ ሁለታችን ብቻ ስናጭድ ግማሹ ማሳው ላይ ረገፈ። ታከለ ያን ቀን ዋርካው ሥር አንዲት ቃል አልተናገረም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

፫. በእኛ ዘንድ ርስት የሚጠይቅ ሰው ትውልዱን እስከ ዋናው አባት ድረስ ይቆጥራል። የአባት ዕዳ ለልጅ ነውና እኔም የእንደራሴውን ወንበር ትውልድ ቆጥሬ የቃሉን ወራሽ ላገኝ ተነሣሁ። አይ ጉድ! የሰው ዘር መቁጠር ለካ ቀላል ነው፤ አባት አንዴ ከወለደ ልጁን ለሌላ አባት አያዛውርም። እኛን ግን በ፲፱፻፶፫ ከቡሬ አንሥታችሁ ለፍኖተ ሰላም የምርጫ ክልል ሰጣችሁን። በ፲፱፻፶፯ ደግሞ ወንዙን ራሱን ወሰን አደረጋችሁት፤ ወዲህ ማዶ ለፍኖተ ሰላም ቀረ፣ ወዲያ ማዶ ወደ ቡሬ ተመለሰ። እኛ ከጎጇችን ፈቀቅ አላልንም።

፬. ቀኛዝማች ዛሬም እንደራሴ ናቸው፤ ግን በሽንዲ በኩል ነው የተመረጡት። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ እርሳቸው ግንዱንም አልያዙ። ሽንዲ ድረስ በእግሬ ሄጄ ብጠይቃቸው፣ ቃሉ የቡሬ ወንበር ነው፣ ተተኪዬን ጠይቅ አሉኝ። የቡሬው እንደራሴ አቶ ተስፋው ደግሞ፣ ወንበሩን ከቀኛዝማች ብወርስም ያንተን ወንዝ የተረከብሁት ከፍኖተ ሰላም ነው፣ የድልድይ ቃል አለበት ብሎ ያስረከበኝ የለም አሉ። የፍኖተ ሰላሙ አቶ ሀይሉ ከሁሉም ደግ ሆነው ተገኙ። ክልሌ እስከ ወንዙ መካከል ስለሆነ ግማሹን ድልድይ ላስብበት እችላለሁ አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ እንግዲህ ሸጋዬ የሰጠመችው በየትኛው ግማሽ እንደሆነ ሄጄ ታከለን ልጠይቀው? ማመልከቻ ጸሐፊው ክንፈሚካኤል ይህ ቃል ለሹም ይከብዳልና ከጽሑፉ ይቅር ብሎኝ ነበር። አይቀርም፣ ጻፍ አልሁት።

፭. ስለዚህ ከሦስቱ የቃሉ ወራሽ ማን እንደሆነ ጽሕፈት ቤቱ ቆርጦ እንዲነግረኝ፣ ወራሽ የለውም ከተባለም የለም ተብሎ በማኅተም እንዲጻፍልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

፮. ሳይነገርዎ እንዳይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን ወግ፣ ዋስ የሆነለት ሰው የጠፋበት ዋስ፣ የዋስ ዋስ መጥራት ይችላል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ቆሜ፣ ወሰኑን ያዛወረው ሰው እንደራሴው የት እንደገባ ያውቃል ብዬ ክቡርነትዎን ጠራሁ። ሽማግሌዎቹ ፈቀቅ ብለው ተማከሩና ተቀበሉልኝ። እኔም ወደ ወንፈሌ ተመለስሁ። ታከለ ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አነጋገረኝ፤ የዋስህ ዋስ የት ነው የሚገኙት አለኝ። የቢሮዎን በር አሳይቼዋለሁ።

ከወዲህም ከወዲያም ማዶ ከሆነ ሰላምታ ጋር

እጅጉ ክንዱ
የቀድሞው ዋስ
(የጣት አሻራ)