ነክቶ የማይለቅ

ላስ ቬጋስ፣ ሰንራይዝ ማነር

ውድ ማቲዎስ፣

በመጀመሪያ ይህን ተረዳ፦ በደማችን ውስጥ እየዞሩ የሚገድሉ ሴሎች አሉ። በቫይረስ የተያዘ ሴል ሲያገኙ ይጣበቁበትና ፐርፎሪን የሚባል ፕሮቲን ይለቁበታል። ፕሮቲኑ ሽፋኑን ይበሳዋል። በቀዳዳው የሞት ትእዛዝ ይገባል፤ የታመመው ሴል ጎረቤቱን ሳይረብሽ ራሱን ያፈርሳል። ገዳዩም ለቆት ወደ ሌላው ይሄዳል።

የሀሌታ ሴሎች ግን አይበሱም።

ስድስት ዓመቷ ነው፤ ትኩሳቱ አምስት ሳምንት ሆነው። ሐኪሟ እንዲህ ያሉ ሴሎችን የሚያሳይ ፊልም ከፈተችልን። አንዱ ግራጫ ክብ ሌላውን ነካው፣ ያዘው። ጠበቅን። ምንም አልሆነም።

«አባባ፣ ስታክ አደረገ እንዴ?» አለችኝ ሀሌታ።

«አዎ፣ የኔ እመቤት።»

«ታዲያ ለምን አይለቀውም?»

ሳይገድል አይለቅም። እንደተጣበቀ ሌሎችን ይጠራል፤ የተጠሩትም መጥተው ይጣበቃሉ። የሚያቃጥላት ይኸው ጥሪ ነው። ከዚያ ወዲህ ጆሮዬን ደረቷ ላይ እንዳደርግ ትለምነኛለች። «ሰማሃቸው? እየተጠራሩ ነው።» ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው፣ ሴል ድምፅ እንደሌለው እያወቅሁ አደርጋለሁ። ትናንት የሰማሁ መስሎኝ ጆሮዬን ቶሎ አነሳሁት።

የሚያድናት የሌላ ሰው መቅኔ ነው። ሐኪሟ «ወንድም ወይም እህት አላት?» ስትል፣ ወላጆቿ የሺዋስና ረድኤት በአንድ አፍ «የላትም» አሉ። ያን መልስ ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ።

የዲቪውን ቅጽ ስሞላላቸው አንተ የሃያ ቀን ሕፃን ነበርክ። «ክርስትና ሳይነሳ በምን ስም ይጻፋል? በአርባ ቀኑ እንጨምረዋለን» አልኩ። የተላከ ቅጽ እንደማይታረም አላወቅሁም። ዕጣው ሲወጣ፣ ያልተጻፈ ልጅ ከተገኘ ቪዛው ይቀራል ተባልን። በአጎትህ በአስማማው ስም አስመዘገብንህ፤ የሺዋስና ረድኤትም ልጅ የለንም ብለው ፈረሙ። አባቴ የምትለው አስማማው አጎትህ ነው። የወለደህ «ጋሼ» የምትለው የሺዋስ ነው፤ እናትህም ረድኤት ናት። ሀሌታ እህትህ ናት።

የተማሪ ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ሳርም ኖሬ፣ የራሴን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይዤ አልለቀቅሁም።

መቅኔህ ከእሷ ጋር የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ከወላጆቻችሁ የወረሰችው ጉድለት በአንተም ውስጥ ተኝቶ የመሆን ዕድሉ እንዲሁ ከአራት አንድ ነው። አስማማው ባለፈው ክረምት «ልጁን ትኩሳት አልለቀው አለ» ብሎኝ ነበር። ያኔ ብርድ ነው አልኩት። ስለዚህ ለእሷ ብቻ ብለህ አትመርመር።

ይህን በእጄ ጽፌ ፎቶውን በቴሌግራም የላክሁልህ በስልክ መናገር ስላቃተኝ ነው። ልትረግመኝ ትችላለህ፤ እሰማለሁ። አሁን ግን አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፦ ትኩሳቱ ለቆሃል? ዛሬውኑ መልስልኝ።

አያትህ ዘገዬ